የጭቃ ቤት በር ማስፋት፦ መጀመሪያ ድጋፍ፣ ከዚያ መጋዝ

ደሴ ውስጥ በር የሚሰፋበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ የመንገድ ዳሩን ክፍል ሱቅ ሊያደርገው ይፈልጋል። ሌላው በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ እናት አሉት። ሌላዋ ቁም ሣጥን ገዝታ በሩ ላይ ሲደርስ አልገባ ይላታል። የድሮ የጭቃ ቤት በር ጠባብ ነው፤ 70 ወይም 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ጭቃውን ማፍረስ፣ ሁለት ሦስት ቋሚ መቁረጥ፣ አዲስ መቃን መግጠም፣ በቃ። ችግሩ ያ የሚቆረጠው ቋሚ ጣሪያ ተሸክሞ ሊሆን መቻሉ ነው። ያለ ድጋፍ ቢቆረጥ ቤቱ ያን ቀን ላይወድቅ ይችላል። አንድ ክረምት ያልፍና ግን በሩ ወለሉን መፋቅ ይጀምራል። ከበሩ ማዕዘን ወደ ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ይወጣል። የቆርቆሮው ጠርዝ መሃሉ ላይ ይረግባል። ስለዚህ ይህን የበር ሥራ አድርጋችሁ አትዩት። የጣሪያ ሥራ ነው።

የጣሪያው ክብደት መንገድ አለው። ከቆርቆሮው ወደ ማገሩ፣ ከማገሩ ወደ ወራጁ (ከጣሪያው ጀርባ ወደ ግድግዳው በሰያፍ ወደሚወርደው እንጨት)፣ ከወራጁ ግድግዳው አናት ላይ ወደ ተጋደመው አግዳሚ፣ ከአግዳሚው ወደ ቋሚዎቹ፣ ከቋሚዎቹ ወደ መሬት ይወርዳል። አንድ ቋሚ ስትቆርጡ ይህን መንገድ ትዘጋላችሁ። ከመዝጋታችሁ በፊት ሌላ መንገድ ክፈቱለት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

የምናገረው በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ስለተሠራ፣ በጭቃ ስለተመረገና ቆርቆሮ ስለለበሰ ባለ አንድ ወለል ቤት ነው። ብሎኬትና ድንጋይ ቤት ሌላ አሠራር አለው።

ግድግዳው ተሸካሚ ነው ወይስ ክፍል መለያ?

ከታች ሆናችሁ አትገምቱ። ኮርኒሱን በአንድ ጥግ ክፈቱና በባትሪ ወደ ላይ እዩ። የወራጆቹ ጫፍ በግድግዳው ላይ አርፎ ከሆነ ግድግዳው ተሸካሚ ነው። የቆርቆሮው ውሃ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚፈስ ከሆነ የፊትና የኋላ ግድግዳዎች ያለ ጥርጥር ተሸካሚ ናቸው። የመሃል ግድግዳም ነጻ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። በብዙ ቤቶች የጣሪያውን ጀርባ ከታች የሚደግፉ እንጨቶች ቁልቁል ወርደው እዚያ ላይ ነው የሚያርፉት። የጎን ግድግዳ ቀለል ያለ ቢመስልም የጣሪያው ማገሮች ጫፍ ያርፍበታል። ካልተረጋገጠ ተሸካሚ ነው ብላችሁ ሥሩ። ለጥንቃቄ የምታወጡት ጥቂት አጣናና የአንድ ቀን ድካም ነው።

ቀጥሎ የቋሚዎቹን ጤንነት ፈትሹ። ከበሩ ግራና ቀኝ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍታ ድረስ ጭቃውን ፍቁና እንጨቱን አውጡት። በደሴ እርጥበት እንጨት መበስበስ የሚጀምረው እግሩ ላይ ነው፤ ምስጥም የሚገባው ከዚያው ነው። የቢላዋ ጫፍ ውጉበት። ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ገብቶ ከቆመ ደህና ነው። እንደ ቂጣ ከገባ ያ ቋሚ የለም ማለት ነው።

አብሬው የምሠራው አንድ አዛውንት አናጢ ቢላዋም አያወጣም። ቋሚውን በመዶሻው ጀርባ መታ ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል። «ስማ ልጄ፣ ይሄኛው ደረቅ ነው፤ ያኛው ግን ሆዱ ባዶ ነው» ይለኛል። «እንዴት አወቅህ» ሳይሆን «ጋሼ፣ አንዴ ይድገሙት» ነው የሚባለው፤ በድጋሚው ልዩነቱ ይሰማል። ጤነኛው እንጨት ጠንከር ያለ አጭር ድምፅ ይሰጣል። የተበላው ድምፁ የደነዘዘ ነው።

አንዳንድ ቤት ላይ ግን እጃችሁን አታንሱ፤ መሐንዲስ ጥሩ። ቤቱ ባለ ፎቅ ከሆነ፣ ግድግዳው ጎብጦ ወይም ዘምሞ ከሆነ፣ የምትፈልጉት በር ከ1 ሜትር ተኩል የሚሰፋ ከሆነ፣ ወይም አዲሱ በር ከቤቱ ማዕዘን ከ1 ሜትር በታች የሚቀርብ ከሆነ ማለቴ ነው። ደሴ ደግሞ ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የመሬት መንሸራተትም የታወቀ ችግሯ ነው። በጦሳ ተራራ ተዳፋት ላይም ሆነ በሌላ ቁልቁለት ያለ ቤት ወለሉ ተሰንጥቆ ከሆነ ወይም የግድግዳው ስንጥቅ ዓመት ዓመት እየሰፋ ከሄደ ጉዳዩ ከበር በላይ ነው። መጀመሪያ መሬቱ ይታይ።

ማዕዘኑን ለምን ተዉት እንዳልኩ ላስረዳ። የእንጨት ቤት ወደ ጎን እንዳይወላገድ የሚይዙት ማዕዘኖቹና እዚያ አካባቢ በሰያፍ የተመቱት እንጨቶች ናቸው። እኛ የምንኖረው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬና በማጀቴ በኩል የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ ካራቆሬ ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በዚያው በአዲስ አበባው መንገድ ላይ ናት። ሰያፍ እንጨት ካገኛችሁ «ይሄማ ሥራ የለውም» ብላችሁ አትቁረጡት። ቤቱን የሚይዘው ምድር ስትነቃነቅ ነው።

ፈቃድና ወቅት

የቀበሌ ቤት ከሆነ የናንተ አይደለምና ከጽሑፍ ፈቃድ በፊት ምንም አትንኩ። የግል ቤትም ቢሆን ተሸካሚ ግድግዳ መንካት የሚያስፈቅድ ሥራ ስለሆነ ከተማ አስተዳደሩ ዘንድ ሂዱና ጠይቁ። ግድግዳችሁ ከጎረቤት ጋር የተያያዘ ከሆነ ለነሱም ንገሯቸው። ኮርኒሳቸው ላይ አቧራ ከመውረዱ በፊት መስማታቸው ይሻላል።

ወቅቱ ጥቅምት ከገባ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቢሆን ጥሩ ነው። የካቲት ላይ በልግ ሊጀምር ይችላል፤ የክረምቱን ደግሞ ማንም ያውቀዋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጭቃ ቶሎ አይደርቅም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ብትሠሩ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ስለሚወርድ ያው ምርጊት ቀድሞ ይደርቃል። ደሴ ላይ ለምትሠሩ ግን ምክሬ፣ ለማድረቂያ ከምታስቡት ጊዜ በላይ ያዙ ነው።

ልኬት

መጀመሪያ የምትፈልጉትን ጥርት ያለ ስፋት ወስኑ። ጥርት ያለ ማለት በሩ ተከፍቶ ሰው የሚያልፍበት ቦታ ማለት ነው። ለዊልቸር 90 ሳንቲ ሜትር በቂ ነው። ለሱቅ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ20 ይበቃል። ከሚያስፈልጋችሁ በላይ አታስፉ። ስፋቱ በጨመረ ቁጥር በላዩ ያለው ጉበን፣ ማለትም ከበሩ አናት በላይ የሚጋደመው ተሸካሚ እንጨት፣ የሚሸከመው ይጨምራል፤ የሚጎብጠው ደግሞ ከዚያ በበለጠ ፍጥነት ነው።

ወደ አንድ ወገን ብቻ አስፉ፤ ከማዕዘኑ ወደሚርቀው ወገን። ያኔ በሌላው ወገን ያለው የድሮ ቋሚ ጤነኛ ከሆነ ባለበት ይቀራል፤ ሥራው በግማሽ ይቀንሳል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። ጥርት ያለው ስፋት 1 ሜትር ይሁን። ሁለቱ መቃኖች እያንዳንዳቸው 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖራቸው 10 ይሆናል። ለማስተካከያ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። 112 መጣ። ጉበኑ የሚቀመጥባቸው ሁለት አጫጭር ቋሚዎች እያንዳንዳቸው 10 ሳንቲ ሜትር ስለሆኑ 20 ጨምሩ። 132 ሆነ። እንግዲህ ከመሬት እስከ ላይኛው አግዳሚ በሚደርሱት በሁለቱ ረጃጅም ቋሚዎች መካከል የሚኖረው ርቀት 132 ነው። የጉበኑም ርዝመት ያው 132 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ 100 ቆርጦ ይከፍትና አጫጭሮቹ ቋሚዎችና መቃኑ ሲገቡ በሩ 68 ይሆናል።

ቁመቱንም እንዲሁ አስሉት። ከተጠናቀቀው ወለል እስከ በሩ አናት 2 ሜትር ቢሆን፣ የላይኛው መቃን 5 እና የማስተካከያ 1 ሳንቲ ሜትር ተጨምሮ የጉበኑ ሆድ 206 ላይ ይውላል። ጉበኑ ራሱ 15 ሳንቲ ሜትር ቁመት ስላለው ጀርባው 221 ላይ ይደርሳል። የድሮዎቹን ቋሚዎች የምትቆርጡት በዚህ በ221 መስመር ነው። ከመስመሩ በላይ ያለው ቁራጭ አይወጣም። በቦታው ቀርቶ ጉበኑ ላይ ይቆማል።

ለጉበኑ ሁለት 5 በ15 የሆኑ ደረቅ ወፍራም ጣውላዎች ተያይዘው ለእንዲህ ዓይነቱ ስፋትና ለቆርቆሮ ጣሪያ በደንብ ይበቃሉ። ድብልብል ግንድ የምትመርጡ ከሆነ ቀጭኑ ጫፉ ከ14 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ጣውላው በጠባብ ጠርዙ ይቁም እንጂ በሆዱ አይተኛ። ያው ጣውላ በጠርዙ ሲቆም ከተኛው ሦስት እጥፍ ይሸከማል፤ መጉበጥን ደግሞ ዘጠኝ እጥፍ ይቋቋማል። እርጥብ ባሕር ዛፍ አትግዙ። ሲደርቅ ይሸበሽባል፣ ይጠማዘዛል፣ ከሥሩ ያለውን መቃንም ይዞት ይዞራል። ሻጩ «ደርቋል» ቢላችሁም የጫፉን ቁራጭ በእጃችሁ ይዛችሁ ክብደቱን እዩት።

ዕቃዎች

ለጉበኑ ሁለት ጣውላ። ለአዲሱ ረጅም ቋሚ አንድ፣ ለአጫጭሮቹ ሁለት፣ ውፍረታቸው 10 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ደረቅ ባሕር ዛፎች። ለድጋፍ አራት ወይም አምስት ወፍራም አጣና፣ አንድ የላይ አግዳሚና አንድ የወለል ወፍራም ሳንቃ። ሽብልቅ ብዙ፤ ከጠንካራ እንጨት ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ አዘጋጁ። ባለ 10 እና ባለ 12 ሳንቲ ሜትር ሚስማር፣ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን ከነሮንዴላው፣ ጥቁር ሽቦ። መጋዝ፣ መዶሻ፣ መሮ፣ ድጅኖ፣ ፒንሳ፣ ድሪል፣ ውሃ ልክ፣ ቱንቢ፣ ሲባጎ። ለዓይን መነጽር፣ ለአፍንጫ ማስክ። የድሮ ጭቃ አቧራ ቀላል አይደለም፤ ልጆችና አስም ያለበት ሰው ያን ቀን ሌላ ቤት ይዋሉ።

ድጋፉን ማቆም

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚሰጠው ለዚህ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ቢወስድባችሁ አትከፉ።

የውጭ ግድግዳ ከሆነ ድጋፉ ከውስጥ በኩል ይቆማል። የቆርቆሮው ክንፍ ረዝሞ ከወጣ ከውጭም አንድ ሁለት ባላ ይደረግለት። የመሃል ግድግዳ ከሆነ ግን ወራጁ ወይም ሌላው እንጨት ከሁለቱም ወገን መጥቶ እዚያ ላይ ስለሚያርፍ ድጋፉም በሁለቱም ወገን ይሁን። በአንድ ወገን ብቻ ደግፎ መቁረጥ ግማሹን ጣሪያ አየር ላይ መተው ነው።

ድጋፉ ከግድግዳው ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ከዚያ ከቀረበ መሥሪያ ቦታ አይኖራችሁም። በጣም ከራቀ ደግሞ ክብደቱን በወራጁ መሃል ላይ ስለሚቀበለው እንጨቱን ያጎብጠዋል። በዚያ መስመር ላይ ያለውን ኮርኒስ አንሱት። ድጋፉ የሚነካው ራሱን ወራጁን ወይም ጣሪያውን ወገብ ላይ የያዘውን አግዳሚ እንጂ ኮርኒሱን አይደለም። ኮርኒስን ደግፎ ጣሪያ ደገፍኩ ማለት አይቻልም።

ከታች ወለሉ ላይ ወፍራሙን ሳንቃ አጋድሙ። የአፈር ወለል ከሆነ ሳንቃው ከ20 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ስፋት ይኑረው፤ አጣናው ብቻውን ቢቆም መሬቱን ይወጋና ይሰምጣል። ሲሚንቶ ወለልም ቢሆን ከሥሩ ባዶ ሊሆን ስለሚችል ሳንቃው አይቅር። ሳንቃውም የላይኛው አግዳሚም ከአዲሱ በር ግራና ቀኝ 60 ሳንቲ ሜትር አልፈው ይሂዱ።

ከዚያ አጣናዎቹን በየ60 ሳንቲ ሜትሩ አቁሙ። በተቻለ መጠን እያንዳንዱ በአንድ ወራጅ ትይዩ ይሁን። ርዝመታቸው ከሚያስፈልገው ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ይጠር፤ ያንን ክፍተት ሁለት ሽብልቅ በተቃራኒ አቅጣጫ እያስገባችሁ ትሞሉታላችሁ። በቱንቢ ቀጥ ማለታቸውን እዩ። በሰያፍ አንድ ማገር በሁሉም ላይ ምቱ። ያለ ሰያፍ የቆመ ድጋፍ አንድ ሰው ትከሻው ሲነካው ይወድቃል።

አሁን ሽብልቆቹን በመዶሻ በየተራ መታ መታ አድርጉ። አንዱን እስከ መጨረሻው አትምቱ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄዳችሁ ትንሽ ትንሽ። ጣሪያውን ማንሳት አይደለም የምትፈልጉት፤ ክብደቱን መቀበል ብቻ ነው። የደረሰ ጊዜ ምልክት አለው። መጀመሪያ ሽብልቁ ሲመታ የላላ ድምፅ ይሰጣል፤ ሲጠብቅ ድምፁ ይቀየራል። አግዳሚው ላይ ያለው አቧራ ይረግፋል። የጣሪያ ሚስማር «ቂጭ» ይላል። እዚያ ላይ አቁሙ። ከዚያ ካለፋችሁ የቆርቆሮው ሚስማር ይነቀልና በክረምት ውሃ ያስገባል።

ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ነገር ይቀራል። ከአዲሱ በር ግራና ቀኝ ባሉት፣ በማይነኩት ቋሚዎች መካከል ከላይኛው አግዳሚ ሥር ሲባጎ ወጥሩ። በሲባጎውና በአግዳሚው መካከል ያለውን ርቀት መሃሉ ላይ ለኩና ግድግዳው ላይ ጻፉት። ጣሪያው መውረድ አለመውረዱን የሚነግራችሁ ይህ ቁጥር ነው።

ጭቃውን ማውረድ

መብራት ከቆጣሪው ላይ አጥፉ። የበር ዳር የማብሪያ ማጥፊያ ቦታ ስለሆነ ሽቦ በጭቃው ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። ሽቦ ካገኛችሁ ኤሌክትሪሲያን ያንሳው።

የምታወርዱበትን መስመር ከውስጥም ከውጭም በከሰል አስምሩ፤ ከአዲሱ ረጅም ቋሚ 20 ሳንቲ ሜትር አልፎ፣ ወደ ላይ እስከ አግዳሚው ድረስ። ጭቃውን ትንሽ ውሃ ርጩበትና ከላይ ወደ ታች አውርዱ። ከታች ከጀመራችሁ የላይኛው ሳይታሰብ ይናዳል። 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጭቃ ግድግዳ አንድ ካሬ ሜትሩ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ስለዚህ ከጉበኑ በላይ የሚቀረውን ጭቃም አውርዱት፤ ድጋፉንም አዲሱን ጉበንም ያቀለዋል። በኋላ በአዲስ ይመረጋል። የወረደውን ጭቃ አትጣሉት። ጥሩ የድሮ ጭቃ ተፈጭቶ ከአዲሱ ጋር ይቦካል።

ማገሮቹን ስትቆርጡ ስስት አይጠላም። ከአዲሱ ቋሚ መስመር 15 ሳንቲ ሜትር አስረዝማችሁ ቁረጧቸው። ቋሚው ሲቆም ጫፋቸው ይመታበታል፤ የቀረው ኋላ ይስተካከላል።

አዲሱ ረጅም ቋሚ

የድሮው ሳይቆረጥ አዲሱ ይቁም። ከመሬት ጀምሮ እስከ ላይኛው አግዳሚ የሚደርስ አንድ ወጥ እንጨት ነው። የቤቱ ቋሚዎች መሬት ውስጥ የተተከሉ ከሆኑ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጡ፣ የሚቀበረውን ክፍል በተቃጠለ ዘይት ደጋግማችሁ ቀቡና ካደረቃችሁ በኋላ ትከሉ። ዙሪያውን በድንጋይና በአፈር ጠቅጥቁ። ቤቱ የድንጋይ መሠረት ካለው ደግሞ ቋሚው መሠረቱ ላይ ይቁምና እግሩ እንዳይንሸራተት በብረት ወይም በሽቦ ይያዝ። የድንጋይ መሠረቱን ሥር አትቆፍሩ።

አጫጭሮቹ ቋሚዎችም የሚቆሙት ጠንካራ ነገር ላይ ነው። ብዙ ሰው ይህችን ይረሳል። ቀድሞ በሦስት ቋሚዎች ይወርድ የነበረው ክብደት አሁን በሁለት እግሮች ነው የሚወርደው። ለስላሳ አፈር ላይ ካቆማችኋቸው ጉበኑ ሳይጎብጥ እግሩ ይሰምጥና ያው ስንጥቁ ይመጣል። ለእያንዳንዱ እግር 30 በ30 የሆነ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት መቀመጫ አዘጋጁ። ኮንክሪት ከሆነ ቢያንስ አንድ ሳምንት ውሃ እየጠጣ ይጠንክር፤ ይህን አስቀድማችሁ ብትሠሩት ሥራው አይጓተትም።

መቁረጥ

በ221 መስመር ላይ በውሃ ልክ ሁሉንም ቋሚ ምልክት አድርጉ። አንድ በአንድ ቁረጡ። መጋዙ ግማሽ ሲደርስ ነገሩን ይነግራችኋል። በነጻነት ከሄደ ክብደቱ ድጋፉ ላይ ነው። የተቆረጠው አፍ እየተዘጋ መጋዙን ከነከሰው ቋሚው ገና ጣሪያ ተሸክሟል። እንዳትገፉበት። መጋዙን አውጡ፣ ወደ ድጋፉ ተመለሱ፣ ሽብልቁን ጨምሩ፣ ከዚያ ቀጥሉ። በኃይል ብትጨርሱት ጣሪያው ባንዴ ይወርድና ድጋፉን ይመታዋል።

የአሮጌውን በር ጉበንም ስታወጡ በላዩ ያሉትን አጫጭር ቁራጮች በዚያው መስመር አስተካክሏቸው። ወደ ታች እንዳይንሸራተቱ ከማገር ጋር በጥቁር ሽቦ እሰሯቸው። እያንዳንዱ ቋሚ ከተቆረጠ በኋላ ሲባጎውን አንዴ እዩት።

ጉበኑን ማስገባት

ሁለቱን ጣውላዎች መሬት ላይ ሳሉ አያይዟቸው። በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ከላይና ከታች እያፈራረቃችሁ ሚስማር ምቱ፤ ከጫፎቹ አጠገብ አንድ አንድ ብሎን ጨምሩ። ጣውላው ትንሽ ከጎበጠ ጉብታው ወደ ላይ ይሁን።

ለማንሳት ቢያንስ ሦስት ሰው ይኑር። ሁለቱ ይይዛሉ፣ ሦስተኛው አጭሩን ቋሚ ከሥር ያስገባል። አንደኛው ወገን ሲያርፍ ሌላው ይገባል። አጫጭሮቹ ቋሚዎች እስከ 206 የሚደርሱ ናቸው። ሲገቡ ጠበቅ ብለው በመዶሻ መታ መታ እየተደረጉ መግባት አለባቸው። በእጅ ገፍታችሁ ከገቡ አጥረዋል። ትንሽ ካጠሩ ጠንካራ ሽብልቅ ከላይ አስገቡ፤ ካርቶንና ስስ ቆርቆሮ ግን አይሆንም። በጣም ካጠረ ሌላ ቁረጡ።

ውሃ ልኩ ጉበኑ ላይ ይቀመጥ። ልክ ከሆነ አጭሩን ቋሚ ከረጅሙ ጋር በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ምቱት፣ ረጅሙንም ከጉበኑ ጫፍ ጋር። ከላይ የቀሩትን ቁራጮች በሰያፍ ሚስማር ከጉበኑ ጋር አያይዙ።

አሁን ደግሞ አናጢዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ሥራ አለ። ቋሚ ጣሪያን ወደ መሬት የሚያወርድ ብቻ አይደለም። ጣሪያው በነፋስ እንዳይነሳም ይዞ የቆመ ነው። ነፋስ ቆርቆሮን ወደ ላይ ይስባል። ሁለት ሦስት ቋሚ ስትቆርጡ ያንን መያዣ አጥፍታችኋል። ስለዚህ ወራጁን ከአግዳሚው፣ አግዳሚውን ከቁራጮቹ፣ ቁራጮቹን ከጉበኑ፣ ጉበኑን ከረጃጅሞቹ ቋሚዎች ጋር በድርብ ጥቁር ሽቦ እሰሩና በፒንሳ አጥብቁ። ሽቦ ርካሽ ነው፤ አትሰስቱ።

በስተመጨረሻ ከበሩ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ አንድ ሰያፍ እንጨት ጨምሩ። ከአዲሱ ቋሚ እግር ተነስቶ ወደ ቀጣዮቹ ቋሚዎች አናት የሚወጣ። ግድግዳው ባጣው ምትክ የሚሰጠው እሱ ነው።

ድጋፉን ማውረድ

ያን ቀን አታውርዱ። ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። በማግስቱ ሽብልቆቹን በገቡበት ሥርዓት በየተራ ትንሽ ትንሽ አላሉ፣ በየመሃሉ ሲባጎውን እየለካችሁ። ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ቢወርድ እንጨቱ ቦታውን እየያዘ ነው፤ አብሽሩ። ከዚያ በላይ እየሄደ ከሆነ መልሳችሁ አጥብቁና ምክንያቱን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ከአጫጭሮቹ እግር ወይም ከቁራጮቹ መቀመጫ ላይ ነው። ሁሉም ሲላላና ቁጥሩ ሳይቀየር ሲቀር አጣናዎቹን አንሱ።

ምርጊቱና በሩ

ጭቃው አስቀድሞ ይቦካ። ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ሳምንት ያህል ውሃ እየተጨመረበት ቢቆይ ጭዱ ይለሰልሳል፣ ጭቃውም ይያያዛል። ከጉበኑ በላይ አዲስ ማገር ምቱና ምረጉ። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መሰንጠቁም አለበት፣ ሁለተኛው የሚይዘው በስንጥቁ ነው። አዲሱና አሮጌው ጭቃ የሚገናኙበትን መስመር በደንብ አርጥቡት፤ በደረቅ ላይ የተለጠፈ ጭቃ ይላጣል።

ሲሚንቶ ልስን የምትፈልጉ ከሆነ ጭቃው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁና የዶሮ ሽቦ ቋሚዎቹ ላይ በሚስማር ወጥራችሁ በላዩ ለስኑ። ሲሚንቶ በእርጥብ ጭቃ ላይ አይያያዝም፤ ውሃውን ውስጥ አፍኖ እንጨቱንም ያበሰብሳል።

መቃኑ የሚገባው ከሁለተኛው ምርጊት በኋላ ነው። በመቃኑና በጉበኑ መካከል ያቺን አንድ ሳንቲ ሜትር ክፍተት ጠብቁ። እዚያ ሽብልቅ አጥብቃችሁ አታስገቡ፤ መቃን በር ይያዝ እንጂ ጣሪያ አይሸከም። በሩ ለመክፈትም ለመዝጋትም የሚከብደው በአብዛኛው ይህ ክፍተት ሲጠፋ ነው። ክፍተቱን በልስን ሳይሆን በቀጭን ሳንቃ ሸፍኑት።

የውጭ በር ከሆነ ደፉን ከውጭው መሬት ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። ለዊልቸር ደግሞ መወጣጫው ደረጃ ሳይሆን ተዳፋት ይሁን፤ ለ10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ከ1 ሜትር ያላነሰ ርዝመት ስጡት። የሱቅ በር ላይ ቆርቆሮው አጥሮ ውሃ ደፉ ላይ የሚያንጠባጥብ ከሆነ አሸንዳ ግጠሙ፤ አጫጭሮቹን ቋሚዎች ለማትረፍ ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው።

የመጀመሪያው በልግ ዝናብ እንደጣለ ኮርኒሱን በከፈታችሁበት በኩል ባትሪ አብርታችሁ እዩ። ውሃ የገባበት የቆርቆሮ ሚስማር ካለ ይቀየር። እንጨቱ ሲደርቅ ብሎኑ ስለሚላላ ዳዶውን አጥብቁ። ሽቦዎቹንም አንድ ዙር ጠምዝዙ። ኮርኒሱን ከዚህ በኋላ ዝጉት።